ማች ክብሪት ነው ወይስ ጨዋታ?

ጠያቂ፦ ሰላም ጓዶች እንግሊዝኛ የሚችል ይርዳኝ፣ ማች ሲባል እኔ የማውቀው የኳሱን ነው፣ ከለሩ ማች አያደርግም የምንለውም አለ፣ ዛሬ ግን ሳነብ ሰውየው ማች ጭሮ ሻማ ለኮሰ ይላል 😂 ምን አገናኛቸው??

ቀለሜው፦ ምንም አያገናኛቸውም ባክህ፣ ድምጻቸው ገጥሞ እንጂ ሁለት ቃል ናቸው። የኳሱ ከድሮ እንግሊዝኛ ነው፣ መነሻው አቻ፣ ጥንድ፣ የትዳር ጓደኛ ምናምን ማለት ነበር፣ ከዛ አቻ ለአቻ ሲጋጠሙ እሱም ማች ተባለ፣ የከለሩም ከዛው ነው። የክብሪቱ ግን ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን የሻማ የኩራዝ ክር ማለት ነበር፣ በኋላ ጫፉ ድኝ የተነከረ እንጨትም በዛው ተጠራ፣ ሲጫር የሚነደውን ደሞ ጆን ዎከር የሚባል እንግሊዛዊ መድኃኒት ቀማሚ በ1827 እ.ኤ.አ. መሸጥ ጀመረ።

የበረሃዋ፦ የኛው ክብሪትም እኮ ከአረብኛ ነው፣ እዛ ድኝም ክብሪትም ማለት ነው

ጠያቂ፦ ኧረ ተባረኩ! ቆይ ግን የኛ ግጥሚያስ? ክዳኑ ገጠመ፣ ሁለቱ ቡድኖች ገጠሙ… ያው ማች አይደል እንዴ 😅

ቀለሜው፦ ግጥምንም ጨምርበት፣ ቤት መምታቱ ራሱ መግጠም ነው