ለትምህርት ቤት የሚገዛ የፕሮጀክተር ገመድ በዋጋው ብቻ ይመረጥ?

መምህርት፣ ደሴ፦
ለኮምፒውተር ክፍሎቻችን ፕሮጀክተርና ሞኒተር ሲገዛ ዝርዝሩ በጥንቃቄ ይጻፋል፤ ገመዱ ግን «ኬብል 1» ተብሎ ይታለፍና ርካሹ ይገዛል። እኔ በማስተምርበት ክፍል ከጠረጴዛዬ ተነስቶ ጣሪያው ላይ እስከተሰቀለው ፕሮጀክተር የተዘረጋው 15 ሜትር ያህል ቀጭን የቪጂኤ (የቆየ ዓይነት የምስል ማስተላለፊያ) ገመድ ነው፤ በመሆኑም እያንዳንዱ ፊደል በስተቀኙ ደብዛዛ ጥላ ይዞ ይወጣል። የእኛን ካዕብና ሳልስ የሚለያቸው በቀኝ በኩል የምትቀጠለው አጭር ጭረት ያለችበት ቦታ ስለሆነ፣ ጥላው የሚያርፈው ልክ እሷ ላይ ነው። ከኋላ የሚቀመጡ ልጆች «ቡ»ን «ቢ» ብለው ሲገለብጡ በደብተራቸው አይቻለሁ። የገመዱ ዓይነትና ርዝመት በግዢ ሰነዱ ላይ ሊጻፍ ይገባል እላለሁ።

የወላጅ ኮሚቴ አባል፣ ደሴ፦
እህቴ፣ ችግርዎን አልክድም። ሆኖም «ጥራት» የምትል ቃል ሰነድ ውስጥ ከገባች ዋጋ ለማናር ምክንያት ትሆናለች። ኤችዲኤምአይ የተባለው አዲሱ የምስል ገመድ የሚያስተላልፈው 0 እና 1 ስለሆነ፣ በሁለት ሜትር ርቀት ጫፉ በወርቅ የተለበጠው ገመድ ከተራው የተሻለ ምስል አያወጣም። ወንበር ለጎደለው ክፍል የተዋጣ ገንዘብ ለእንዲህ ያለው ነገር ሊውል አይገባም።

የጥገና ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የምትነጋገሩት ግን ስለተለያየ ገመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ቪጂኤ አናሎግ ነው፤ ቀለሞቹ የሚጓዙት በኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ ማለት ነው። ምስሉ 1920 በ1080 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ሆኖ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ 124 ሚሊዮን ያህል ፒክስል በየሰከንዱ ማለፍ ስላለበት፣ ቀጭንና ረጅም ገመድ ፈጣኑን ለውጥ ያደክመዋል፤ የፊደሉም ጠርዝ ይደበዝዛል። የገመዱ ኢምፒዳንስ (ለፈጣን ሲግናል የሚያሳየው ተቃውሞ) 75 ኦም ካልሆነ ደግሞ ከሲግናሉ ከፊሉ ጫፍና ጫፍ እየተላተመ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ምስሉ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሳል የዘገየው በስተቀኝ ይታያል፣ መምህርት ያዩት ጥላ ይህ ነው። ኤችዲኤምአይ ግን አይደበዝዝም፤ ከአቅሙ በላይ ሲረዝም ነጠብጣብ ያሳያል ወይም ጭራሹን ይጠፋል። ለ4ኬ ምስል (3840 በ2160 ፒክስል) በ60 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ፣ 18 ጊጋቢት በሰከንድ ማለፍ ስላለበት፣ ያለ ማጉያ አስተማማኝ የሚሆነው በጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፑን ፕሮጀክተሩ አጠገብ አድርጋችሁ በሁለት ሜትር የቪጂኤ ገመድ ሞክሩት። ጥላው ከጠፋ ጥፋቱ የገመዱ ነው፤ ካልጠፋ ግን አዲስ ገመድ አይፈይድም፣ ሌንሱንና ሪዞሉሽኑን (የምስሉን የፒክስል ብዛት) ተመልከቱ።

መምህርት፣ ደሴ፦
ዛሬ ጠዋት ሁለት ጠረጴዛ ደራርበን ሞከርነው። ጥላው ጠፋ፤ «ቡ» ከመጨረሻው ወንበር ተነበበች።

የወላጅ ኮሚቴ አባል፣ ደሴ፦
እንግዲያው ለዚያ ክፍል እስማማለሁ። ነገር ግን ሰነዱ ላይ «ጥራት ያለው» ተብሎ ከሚጻፍ «75 ኦም፣ ይህን ያህል ሜትር» ይባልና ሲረከቡ ይለካ፤ የቀሩት ክፍሎችም በዚሁ መንገድ ሳይሞከሩ ግዢ አይፈጸም።