በአባሮሽ ጨዋታ ቶሎ የሚያዙ ልጆች ዳር እንዳይቀሩ ምን ማድረግ ይቻላል?

ጠያቂ (የሰውነት ማጎልመሻ መምህር)፦
ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 10 ዓመት የሆኑ 36 ልጆችን በአንድ ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ። አባሮሽ ኳስም ሆነ ሌላ ዕቃ ስለማይፈልግ ብዙ ጊዜ ትምህርቱን የምጀምረው በእርሱ ነው። ይሁን እንጂ የተነካ ልጅ ከሜዳ ይውጣ በሚለው ደንብ ስንጫወት፣ ሁልጊዜ ቀድመው የሚወጡት በሩጫ ደከም የሚሉት ልጆች በመሆናቸው፣ ከሁሉም ይልቅ መሮጥ የሚያስፈልጋቸው ዳር ቆመው ተመልካች ይሆናሉ። የተነካው አባሪ ይሁን ስል ደግሞ፣ ሯጭ ያልሆነው ልጅ ማንንም መያዝ አቅቶት ሲንከራተት ቆይቶ ያለቅሳል። ሁሉም የሚሮጥበት መላ ካለ ብትጠቁሙኝ?

መልስ 1 (የልጆች አሰልጣኝ)፦
መምህር፣ እንደ እኔ እምነት ጥፋቱ የደንቡ እንጂ የልጆቹ ፍጥነት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ማስወጣት ግን ይህን ጊዜ የሚቀንሰው ከደካማው ልጅ ላይ ነው። ስለዚህ ማስወጣቱን ይተዉትና የተነካው ባለበት ይቁም፤ ጓደኛው መጥቶ ያስፈታው። ለ36 ልጆች አንድ አባሪ ስለማይበቃ፣ 5 ወይም 6 ልጆች ባለቀለም ሰደርያ ለብሰው በአንድ ጊዜ ያባርሩ። ከ1 ደቂቃ ተኩል በኋላ ፊሽካ ሲነፋ፣ ሰው ቢይዙም ባይዙም፣ ሰደርያውን ለሌሎች ያስረክቡ። ተራው የሚያበቃው በሰዓት ከሆነ የሚያለቅስ ልጅ አይኖርም።

ማስፈታቱ በቆመው ልጅ እግሮች መካከል በመሹለክ የሚደረግባቸው ቦታዎች አሉ፤ እኔ ግን አልወደውም። አጎንብሶ የሚሾልከውን ልጅ ከኋላው የሚመጣው ሯጭ ስለማያየው ይረግጠዋል፤ የቆመውም ሚዛኑን ይስታል። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሦስት ጊዜ ቢዘሉ ይበቃል።

መልስ 2 (ሌላ መምህርት)፦
የሰንሰለት አባሮሽንም ይሞክሩት። የተነካው ከአባሪው ጋር እጅ ስለሚያያዝ፣ ዘገምተኛው ልጅ ብቻውን ከመልፋት ይድናል፤ ከጓደኞቹ ጋር መንገድ መዝጋትንም ይለምዳል። ነገር ግን ሰንሰለቱ እንዲረዝም አይፍቀዱ። አንደኛው ጫፍ ባለበት ሲዞር ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው ልጅ በዚያው ቅጽበት ሰፊ ቅስት መሮጥ ስለሚኖርበት፣ ይጎተትና በፊቱ ይደፋል። አራት ሲሞሉ ለሁለት ይከፈሉ። መንካትም በተከፈተ መዳፍ፣ ትከሻን ወይም ጀርባን ብቻ ይሁን።

መልስ 3 (የቀድሞ ተጫዋች)፦
ፉክክርን ጨርሶ ማስወገድ ተገቢ አይመስለኝም፤ ፈጣን ልጅም ፍጥነቱን የሚያሳይበት ጨዋታ ይገባዋል። በደቡብ እስያ የሚዘወተረው ኮ ኮ የተባለው የአባሮሽ ስፖርት ሁለቱንም ያስታርቃል። ከአባሪዎቹ ስምንቱ ፊታቸውን አንዱ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ አዙረው በአንድ መስመር ይቀመጣሉ፤ ዘጠነኛው ብቻ ያባርራል። አባሪው የመካከለኛውን መስመር ማቋረጥ ስለማይፈቀድለት፣ ሯጩ ወደ ማዶ ሲሻገርበት ከተቀመጡት የአንዱን ጀርባ ነክቶ «ኮ» በማለት ተራውን ያስረክባል። እንግዲህ የደከመ አባሪ እስኪወድቅ አይሮጥም፤ ማስረከቢያውን ጊዜ የሚመርጥ ብልህ ልጅም ከፈጣኑ እኩል ይጠቅማል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሰደርያው እጀምራለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሜዳችን በሁለት ወገን ግንብ አለው። እስከ ግንቡ ይሩጡ ወይስ ልከልል?

መልስ 1፦
ይከልሉ። ከግንቡ ቢያንስ 2 ሜትር ገባ ብሎ በኖራ ይሰመር፤ የሚባረር ልጅ የሚያየው ወደ ኋላው ስለሆነ ግንቡን የሚያስታውሰው ከተላተመው በኋላ ነው። ሜዳው በዚህ ምክንያት ከጠበበ፣ ክፍሉን ለሁለት ከፍለው በየተራ ከማጫወት ይልቅ ሁሉም በፈጣን እርምጃ ብቻ እንዲጫወቱ ያድርጉ፤ የሮጠ እንደተነካ ይቆጠርበት።