«የራስህን ቅጂ አምጣ» ብቻውን ይበቃናል? የጋራ ሐሳባችን ሁለተኛ ረቂቅ

ጸሐፊዋ

ውድ አባላት፣ ለጨዋታ ባለመብቶችና ኮዳችንን ለሚያስቀምጡልን ድረ ገጾች የምንልከው የጋራ ሐሳብ ሁለተኛ ረቂቅ እነሆ። የመጀመሪያው ቁጣ በዝቶበት ነበርና ወደ ሦስት አንቀጽ አሳጥሬዋለሁ።

አንቀጽ 1፦ ከአሮጌ ኮንሶል (የቪዲዮ ጨዋታ ማሽን) ወደ ኮምፒውተር የምናሸጋግራቸው ጨዋታዎች፣ ማለትም ፖርቶቻችን፣ የባለመብቱን ሥዕል፣ ድምፅና ሙዚቃ አይዙም። ተጠቃሚው እነዚህን ከገዛው ቅጂ ራሱ ያወጣል። ስለዚህ ፖርቶቻችን የቅጂ መብት አይጥሱም።

አንቀጽ 2፦ ባለመብት ቅሬታ ሲኖረው የይነሳልን ማስታወቂያ (ድረ ገጹ ኮዳችንን እንዲያነሳ የሚጠይቅ ደብዳቤ) ከመላኩ በፊት ያሳውቀን፤ ለማስተካከልም 14 ቀን ይስጠን።

አንቀጽ 3፦ ማስታወቂያ በደረሰን ቁጥር የተቃውሞ ማስታወቂያ (ኮዱ እንዲመለስ ለድረ ገጹ የምንጽፈው መልስ) እናስገባለን።

እስከ ሐሙስ ማታ ድረስ አስተያየታችሁን ጻፉ። በጥቅሉ «ጥሩ ነው» ከምትሉኝ መቀየር ያለበትን ቃል ብትነግሩኝ እመርጣለሁ።

የኮድ ክፍል አባል

አንቀጽ 1ን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፤ የሥራችን መሠረት እሱ ነው። የኒንቴንዶን ጨዋታ የሱፐር ማሪዮ 64ን ነገር አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2020 ያለ ኢሙሌተር (ኮንሶሉን የሚያስመስል ፕሮግራም) በኮምፒውተር የሚሠራ ፖርት ሲወጣ፣ የኒንቴንዶ ጠበቆች ያሳደዱት የጨዋታው ሥዕልና ድምፅ አብሮ የተጠቀለለበትን፣ እንደወረደ የሚከፈተውን ፋይል ነበር። የተጠቃሚውን የራሱን ቅጂ የሚጠይቀው የዲኮምፓይል ኮድ ግን ለዓመታት በቦታው ቆይቷል። በ2023 መጨረሻ የወጣው የሌላው የኒንቴንዶ ጨዋታ የሊንክስ አዌክኒንግ ፖርት ደግሞ የጨዋታውን ሥዕልና ድምፅ በሆዱ ይዞ ነበር፤ በቀናት ውስጥ ተነሳ።

ሥራችን ምን እንደሚመስልም በመግቢያው ላይ ይጻፍልኝ። ዲኮምፓይል ማድረግ ማለት የማሽኑን ቋንቋ እያነበቡ ሰው የሚረዳውን ኮድ መልሶ መጻፍ ነው። በእኛ ቡድን የጻፍነው ትክክል መሆኑ የሚታወቀው፣ በዘመኑ በነበረው የሲሊከን ግራፊክስ ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) ስናሳልፈው ከዋናው ጋር ባይት በባይት ሲገጥም ነው። ባለፈው ወር አንዲት ፈንክሽን (የኮድ ቁራጭ) አራት ሌሊት ፈጀችብኝ። ሁሉም ገጥሞ አንድ ተለዋዋጭ ብቻ ስታኩ (ጊዜያዊው ማስታወሻ ቦታ) ላይ አራት ባይት ፈቀቅ ብሎ ይቀመጣል። በመጨረሻ ሁለት ተለዋዋጮች የታወጁበትን ቅደም ተከተል ባቀያይረው ገጠመ። ይህን የመሰለ ልፋት ከሌብነት ጋር ሲቆጠር ያንገበግበኛል።

የሕግ አማካሪ

የአንቀጽ 1 የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ይውጣ። «አይጥሱም» ብለን ከፈረምን ማንም ዳኛ ያላለውን መመስከራችን ነው።

አርኢ3 የተባለውን ፕሮጀክት ተመልከቱ። የግራንድ ቴፍት አውቶ 3ን ኮድ፣ ቀጥሎም የቫይስ ሲቲን፣ መልሶ የጻፈ ቡድን ነው። እሱም ተጠቃሚውን «የራስህን ቅጂ አምጣ» ይል ነበር፤ ይህ ግን አላዳነውም። በ2021 መጀመሪያ የጨዋታዎቹ ባለመብት ቴክ ቱ ኮዱ ለተቀመጠበት ድረ ገጽ ለጊትሀብ ማስታወቂያ ልኮ አስነሳው። ገንቢዎቹ የተቃውሞ ማስታወቂያ አስገቡና ኮዱ በዚያው ዓመት ተመለሰ። በሴፕቴምበር ድርጅቱ ካሊፎርኒያ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሳቸው። ፍርድ ቤቱ በዋናው ጥያቄ ላይ ሳይወስን መዝገቡ በ2023 ስለተዘጋ፣ እኛንም ሆነ እነሱን የሚደግፍ ውሳኔ ከዚያ አልተገኘም።

አንዳንዶቻችሁ የኮንሶል አምራቹ ሴጋና የጨዋታ ሠሪው አኮሌድ የተሟገቱበትንና አኮሌድ ያሸነፈበትን የ1992 ውሳኔ ትጠቅሳላችሁ። አኮሌድ የሴጋን ኮድ የፈታው ጨዋታ ከኮንሶሉ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ለማወቅ ነው፤ ለገበያ ያቀረበው ግን የራሱን ጨዋታዎች ነበር። እኛ የምናሰራጨው የፈታነውን ኮድ ነው። ወንድሜ፣ ያ ባይት በባይት መግጠሙ ለአንተ የትክክለኛነት ማረጋገጫ ነው፤ ለከሳሽ ጠበቃ ግን የመገልበጥ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

የኮድ ክፍል አባል

ጋሼ፣ ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። እንግዲያው ምን እንጻፍ? በጥንቃቄ የሠራነውን ደብቀን እንቀመጥ?

የሕግ አማካሪ

አንደብቅም። የምናውቀውን እንጻፍ፦ ምን እንደምናሰራጭ፣ ምን እንደማናሰራጭ፣ ተጠቃሚው ከየት ምን እንደሚያመጣ። ይህን ያነበበ ባለመብት እሱ የሚሸጠው ጨዋታ አሁንም መገዛት እንዳለበት ይረዳል። ትልቁ መደራደሪያችን ይኸው ነው፤ የእኛን ፖርት ለመጠቀም መጀመሪያ የእሱን ደንበኛ መሆን ያስፈልጋል።

ፖርቱ የተነሳበት አባል

ስለ አንቀጽ 3 የምናገረው ደርሶብኝ ነው። ሦስት ዓመት የሠራሁበት ፖርት ነበር። አንድ ጠዋት የተጫዋቾችን የስህተት ሪፖርት ላነብ ገጹን ብከፍት፣ ኮዱ የነበረበት ቦታ ላይ አንድ አንቀጽ ማስታወቂያ ብቻ ቆሟል። ከኮዱ ይልቅ ያንገበገበኝ ሪፖርቶቹ ናቸው። ኮዱ በኮምፒውተሬ ላይ ቅጂ አለው። ከአራት መቶ በላይ ሰዎች «እዚህ ደረጃ ላይ ካሜራው ግድግዳ ውስጥ ይገባል» እያሉ ያስቀመጡልኝ መዝገብ ግን አብሮ ሄደ።

የተቃውሞ ማስታወቂያ ቅጹን ከፍቼ ነበር። የ1998ቱ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የሚጠይቀው እውነተኛ ስም፣ አድራሻና ስልክ ቁጥር ነው። በሐሰት ቢገኝ እንደሚያስቀጣ እያወቅሁ እንድፈርም፣ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለመዳኘት እንድስማማም ይላል። የሞላሁት ሁሉ ቅሬታ ላቀረበው ባለመብት ይደርሰዋል። በቅጽል ስም ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቅጹን ዘጋሁት። «በደረሰን ቁጥር እናስገባለን» የሚል አንቀጽ እንዲህ ባለው ሰው ላይ ማኅበሩ የሚጭነው ሸክም ነው። ማንም በግድ መፈረም የለበትም።

የሕግ አማካሪ

እውነት ነው። መውጫ አለ ግን። የተቃውሞ ማስታወቂያውን የሚፈርመው የአካውንቱ ባለቤት ነው። ፕሮጀክቶቹ በግለሰብ አካውንት ከሚቀመጡ በማኅበሩ አካውንት ቢቀመጡ፣ በቅጹ ላይ የሚሰፍረው የማኅበሩ ስምና አድራሻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ባለመብቱ ክስ ካልመሠረተ ድረ ገጹ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ውስጥ ኮዱን መመለስ አለበት። ክስ ከመጣ ተከሳሹ ማኅበሩ ነው፤ ኮዱን የጻፉትን ሰዎች ግን ይህ ሙሉ በሙሉ አይከልላቸውም። ስለዚህ እያንዳንዱን ጉዳይ ቦርዱ አይቶ፣ ጸሐፊዎቹም ፈቅደው ይወሰን።

የቅርስ ክፍል አባል

ረቂቁ ለባለመብቱ የሚያቀርበው ነገር የለውም። ሁሉም «አትንኩን» ነው። አራተኛ አንቀጽ ልጨምር።

የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡ ጨዋታዎች 87 በመቶ ያህሉ ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ የድርጅት ሥራ ከወጣ 95 ዓመት ይጠበቃል። በ1996 የወጣ ጨዋታ እስከ 2091 መጨረሻ ድረስ ማለት ነው። የዚያን ጊዜ የጨዋታውን ካርትሪጅ የሚያነብ ማሽን የሚጠግን ሰው አይኖርም።

የተሻለ መንገድ እንዳለ ባለመብቶች ራሳቸው አሳይተዋል። ኢድ ሶፍትዌር የተባለው ኩባንያ ዱም የተባለውን ጨዋታውን ኮድ በ1997 ሲለቅ የጨዋታውን ደረጃዎች፣ ሥዕልና ድምፅ አልለቀቀም፤ እነዚህ እስከ ዛሬ ይሸጣሉ። የጨዋታ ኩባንያው ቫልቭ በ2024 መጀመሪያ የራሱን ጨዋታ የቲም ፎርትረስ 2ን የአድናቂዎች ፖርት በማስታወቂያ አስነስቶ ነበር፤ በ2025 ግን የጨዋታውን ኮድ፣ በነጻ እስከተሰራጨ ድረስ አድናቂዎች እንዲሠሩበት ፈቀደ። ይህን ደብዳቤው ውስጥ በስም እንጥቀሰው። «ገበያ ላይ ለሌለ ጨዋታ፣ ለንግድ ለማይውል ፖርት ፈቃድ ስጡን» ብለን እንጠይቅ።

አዲስ አባል

ፖርት ለሚሠሩ ሰዎች መዋጮ መሰብሰብስ?

ጸሐፊዋ

ለንግድ አይውልም እያልን ገንዘብ መሰብሰባችንን ሌላው ወገን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያነሳዋል። ለማኅበሩ ሰርቨር እንጂ ለአንድ ፖርት ተብሎ አይሰበሰብ። አጭር ዓረፍተ ነገር አስገባለሁ።

የኮድ ክፍል አባል

አንድ ነገር ረስተናል። በ2024 ቫልቭ የፖርታል 64 (የራሱን ጨዋታ ወደ ኒንቴንዶ 64 ኮንሶል የማሸጋገር) ሥራ እንዲቆም የጠየቀው፣ ገንቢው እንዳስታወቀው፣ ሥራው የኒንቴንዶን የግል ላይብረሪ (የራሱ ንብረት የሆነ ዝግጁ ኮድ) ስለተጠቀመ ነው። ጨዋታውን ብቻ ሳይሆን የምንሠራበትንም መሣሪያ እንፈትሽ። ዝርዝሩን እኔ አዘጋጃለሁ።

ጸሐፊዋ

እስካሁን የተስማማነው ይህ ነው፦

አንቀጽ 1፦ የምናሰራጨው ኮድ ብቻ ነው። የባለመብቱን ሥዕል፣ ድምፅ፣ ሙዚቃና የግል ላይብረሪ አናሰራጭም፤ ያለ ገዢው ቅጂ ፖርቱ አይከፈትም።

አንቀጽ 2፦ እንዳለ ሆኖ፣ «ቅሬታው የትኛውን ፋይል እንደሚመለከት በስም ይጠቀስ፤ የተጠቃሚዎች ሪፖርትም ከኮዱ ጋር አብሮ አይነሳ» የሚል ይጨመርበት።

አንቀጽ 3፦ የተቃውሞ ማስታወቂያ የሚገባው ጸሐፊዎቹ ሲፈቅዱና ቦርዱ ሲወስን፣ በማኅበሩ ስም ነው።

አንቀጽ 4፦ የቅርስ ክፍል እንደጻፈው፣ ከመዋጮው ዓረፍተ ነገር ጋር።

በአንቀጽ 2 ላይ የ14ቱ ቀን ጉዳይ ገና ክፍት ነው፤ ሕጉ ባለመብቱን እንዲጠብቅ አያስገድደውምና እንደ ልመና እንጂ እንደ መብት አንጻፈው። የሕግ አማካሪያችን ቃሉን እስከ ሐሙስ ያስተካክሉልኝ።

ፖርቱ የተነሳበት አባል

እስማማለሁ። አሁን የምሠራበትን ሁለተኛውን ፕሮጀክቴን ከነሪፖርቶቹ ቅዳሜ ወደ ማኅበሩ አካውንት አዛውራለሁ። የይለፍ ቃሉን ለማን ላስረክብ?