የዳርቻ አሸዋ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?

ጥያቄ
ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለ ባሕር ዳርቻ መሸርሸርና ስለ ደለል ክምችት ስንማር፣ ባሕር አይተው የማያውቁት ተማሪዎቼ ትርጓሜውን ከመሸምደድ አያልፉም። አሞራ ገደል ወደሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወስጄ በሐይቃችን ባሳያቸው አሳስታቸው ይሆን? አንዲት ተማሪም «ሞገዱ ያው ከሆነ አንዱን ቦታ እየናደ ሌላውን ለምን ይሞላል?» ብላ ጠይቃኝ አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም።

መልስ 1
መምህር፣ ይውሰዷቸው። ሐይቁ እንደ ባሕር በየቀኑ የሚሞላና የሚጎድል ውሃ ባይኖረውም፣ ነፋስ የሚያስነሣው ሞገድ ሥራው አንድ ነው። ጥቂት የቀይ ሸክላ ስብርባሪ ውሃው ዳር ያኑሩ። ሞገዱ በሰያፍ ሲመጣ ስብርባሪውን በሰያፍ ሽቅብ ይገፋዋል፤ ውሃው ሲመለስ ግን ቁልቁለቱን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ያወርደዋል። እንዲህ ሲመላለስ ወደ ጎን ይርቃል፤ የባሕር አሸዋም ዳርቻውን ይዞ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ነው።

ለተማሪዋ ደግሞ እንዲህ ይበሏት፦ ሞገድ ጥልቀት ሲያንስበት ስለሚዘገይ አቅጣጫው ይታጠፋል፤ ወደ ውሃው በወጣው አፋፍ ላይ ጉልበቱ ይሰበሰባል፣ ወደ ውስጥ በገባው ዳርቻ ይበተናል። አፋፉ ሲናድ ፍርስራሹ ጸጥ ባለው ስፍራ ያርፋል።

መልስ 2
የአሸዋው ምንጭ መዘንጋት የለበትም። ከአባይ ደለል የሚበዛው ከእኛው ደጋ የታጠበ አፈር ሲሆን፣ የግብፅን ዴልታ፣ ማለትም ወንዙ ባሕር በሚገባበት ስፍራ ከደለል የተሠራውን ምድር፣ ለሺህ ዓመታት ሲገነባ ኖሯል። የአስዋን ታላቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ግን ደለሉ ግድቡ በፈጠረው ናስር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። የሜዲትራኒያን ሞገድ አሸዋ ማጋዙን ስላልተወ፣ በግብፅ ከተማ በራሺድ በኩል ያለው የወንዙ አፍ ዳርቻ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሞገዱ አልበረታም፤ የተቋረጠው ገቢው ነው። እኛ ዘንድ ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ ሐይቃችን በምድር ላይ የሚታይ መውጫ ስለሌለው፣ ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ይዞት የገባው ደለል እዚያው ይቀራል።

ጠያቂው
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሞከርነው፤ ስብርባሪው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ጎን ሄደ። ቄጠማው ባለበት ውሃው ለስላሳ ጭቃ አስቀምጧል፤ ጀልባ ለማስጠጋት በተመነጠረበት ግን ዳሩ እንደ ደረጃ ተቆርጦ የሣሩ ሥር ወጥቷል። ያችው ተማሪ ጎንበስ ብላ የተቆረጠውን በስንዝሯ ለካችው፤ በወሩ መጨረሻ ተመልሰን እንለካዋለን።