ራሷን ስለምትጎዳ ልጅ እየጻፍኩ ነው፣ ጅቡን ላስገባው?

ሰላም የሐረር ልጆች። ስለ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ምናባዊ ልብ ወለድ ጀምሬያለሁ። ክፍል ውስጥ ስም አውጥተው ያሾፉባታል፣ ማታ ብቻዋን ስትሆን ራሷን ትጎዳለች። እኛ ጋ ጅብ ጂን ይበላል ይባል የለ? እና አንድ ጅብ በጀጎል ግንብ ቀዳዳ ገብቶ ሕመሟን ቢበላላትስ? ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦ ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ጅቡ ሁሉንም ጠቅልሎ ከበላው ውሸት ይሆናል። እኔ አልፌበታለሁ፣ ድሬ ነው ያደግኩት። ሰው ትኩረት ፈልጋ ነው ይላል፣ እኔ ግን ማንም እንዳያውቅብኝ ነበር ጭንቀቴ። ጅቡ አጠገቧ ይቀመጥ፣ ይስማት፣ በቃ።

መልስ 2፦ አስተማሪ ነኝ። እባክሽ በምንና እንዴት እንደምትጎዳ በዝርዝር አትጻፊ፣ አይቶ የሚሞክር ልጅ አለ። ስሜቱን ጻፊው። ዳር ቆመው የሚስቁትንም አትርሻቸው፣ አንዷ መሳቅ ስታቆም ብዙ ነገር ይለወጣል።

መልስ 3፦ በአሹራ ለጅቦቹ ገንፎ በቅቤ ይቀርብላቸው የለ? ያን ሌሊት አያቷ ይዛት ትውጣ። ለጅቡ የነገረችውን ለአያቷም ትንገራት።

ጠያቂዋ፦ አያቷ! እንዴት እስካሁን አላሰብኳትም። መልስ 1፣ እህቴ፣ ስለነገርሽን ከልቤ አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ ምዕራፉን እንደገና እጽፈዋለሁ።