ፒስቶኑ ሲሊንደር ውስጥ ተጣብቆብኛል፦ ግራሶ ልግፋበት ወይስ ቴስታ (የሲሊንደሩን ክዳን) ልፍታ?

ባለ አንድ ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነው፣ 163 ሲሲ፣ ባለ አራት ስትሮክ፣ ውሃ መሳቢያ ላይ የሚገጠመው። ካንዴላው (እሳት ሰጪው) ወልቆ ሳለ ውሃ ገብቶበታል። የማስነሻ ገመዱ ንቅንቅ አይልም።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ፓምፑ ነበር፤ ኢምፔለሩ (ውሃ የሚገፋው ተሽከርካሪ) ሲዝግም ልክ እንዲህ ያደርጋል። ፓምፑ ተፈቶ ወጣ፣ ሞተሩ ግን ያው ነው። በካንዴላው ቀዳዳ በባትሪ ሲታይ ፒስቶኑ ከላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ቆሟል፤ ከበላዩ ቀይ የዝገት ቀለበት አለ።

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ተቀላቅሎ 30 ሚሊ ሊትር ገብቷል። ሲሊንደሩ ያጋደለ ስለሆነ ፈሳሹ አንድ ጎን ብቻ እንዳይተኛ ሞተሩ ቀዳዳው ወደ ላይ እንዲሆን ተደግፏል። በ3 ቀን ግማሹ ወርዷል፤ በጭስ ማውጫው በኩል ጠብታ ስለሌለ በፋሻዎቹ (በፒስቶኑ ቀለበቶች) አልፎ ይመስለኛል።

ችግሩ ፒስቶኑን ለማላቀቅ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዙ ላይ ነው። የቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ጎማ) ዳዶ በ19 ቁልፍ ወደ ማጥበቂያው መግፋት ይቻላል፣ ወደ ኋላ ሲባል ግን ዳዶው ራሱ ይፈታል። የቮላኖውን ክንፎች በመዶሻ መምታት አልፈልግም፤ በቀላሉ ይሰበራሉ።

ጥያቄዎቼ፦ ወደ ኋላ ለማዞር ኃይሉን ከየት ልስጥ፣ በፓምፑ በኩል ካለው የኮሎ (ፒስቶኑ የሚያዞረው ዘንግ) ጫፍ? ቫልቮቹን ዘግቼ በካንዴላው ጥርስ ግራሶ በፓምፕ ብገፋ ጓርኒሲዮኑ (የቴስታው ማሸጊያ) ይችለዋል? እሳት እንዳትሉኝ ብቻ፣ አሴቶኑ ገና ውስጥ ነው።