የጋራ የቆሻሻ በርሜል፦ ከጎረቤት ሳልጣላ እንዴት ልናገር?

ጠያቂዋ (ጀሞ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። በኛ ኮሪደር አምስት ቤት አለ። አምና አዋጥተን ክዳን ያለው ትልቅ በርሜል ገዛንና ደረጃው ሥር አስቀመጥነው። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት መጥተው ይወስዳሉ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሰላም ነበር።

አሁን ፊት ለፊቴ ያሉት እትዬ ምሳ እያበሰሉ ለቢሮ ሠራተኞች ማቅረብ ጀመሩ። ሥራው ደርቶላቸዋል፣ እሰየው ነው። ግን ቅዳሜ የተገለበጠው በርሜል እሁድ ማታ ጢም ብሎ ይሞላል። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የድንች ልጣጭ፣ የተረፈ ወጥ በፌስታል። ፌስታሉ ይቀደድና ውሃው ከታች ይጠራቀማል። በርሜሉ ሲነሳ ደረጃው ላይ ይንጠባጠባል። ክዳኑን ስትከፍቱ የዝንቡ ነገር አይወራ። እኛ ቦታ ስናጣ ፌስታላችንን መሬት ላይ አስቀምጠን እንሄዳለን፣ ሌሊት ውሻ ይበትነዋል፣ ጠዋት "ይሄ የማን ነው?" መባባል ይጀመራል።

እትዬ አራስ ሳለሁ ገንፎ ያገነፉልኝ ሴት ናቸው። ዕድራችንም አንድ ነው። ሌላዋ ጎረቤታችን "በርሜሉ ላይ ወረቀት እንለጥፍ" ትላለች፣ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ደግሞ የኔም ቤት ዳይፐር አለ። "አንቺስ?" ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ምን ብዬ ልጀምር? ምን ዓይነት ስምምነትስ ቢኖረን ይሻላል?

የብሎክ ኮሚቴ (ሰሚት)

እህቴ፣ ወረቀቱን እርሺው። ስም ባይጻፍበትም ማን እንደተባለ ሁሉም ያውቀዋል፣ እሳቸውም ያውቁታል። እኛ ብሎክ "ቆሻሻ የምትጥሉ ሥርዓት ያዙ" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ሁለት ቤተሰቦች እስካሁን ሰላም አይባባሉም። የለጠፈው ሰው ቤት ለቆ ሄዷል፣ ኩርፊያው ቀርቷል።

ቡና ላይም አታንሺው። ቡና ላይ አንዷ ትደግፍሻለች፣ አንዷ ትስቃለች፣ ሴትዮዋ ተከበው የተወቀሱ ይመስላቸዋል። ለብቻቸው አግኚያቸው። ሰዓቱንም ምረጪ። ምሳ የሚያቀርብ ሰው ከረፋዱ አራት እስከ ስምንት ሰዓት አይነካም። አመሻሽ ላይ፣ ዕቃቸውን አጥበው አረፍ ሲሉ ብቅ በይ።

አጀማመርሽ እንዲህ ቢሆንስ፦ "እትዬ፣ ሥራዎ እየሰፋ ነው፣ እግዜር ይጨምርልዎ። በርሜሏ ግን አልቻለችም። ምን ብናደርግ ይሻላል?" በቃ። "ሸተተን" የለ፣ "ሞላብን" የለ። አብዛኛውን ጊዜ "እውነትሽን ነው፣ እኔም ሳስበው ነበር" ነው የሚሉሽ።

ፊት ለፊት ተናጋሪው

ይቅርታ፣ ነገሩን እያሽሞነሞንነው ነው። ንግድ ከሆነ የራሳቸውን በርሜል ይግዙ፣ አለቀ። አምስት ቤት ያዋጣው ለቤት ቆሻሻ እንጂ ለምግብ ቤት አይደለም። ይሉኝታ ነው ደረጃችሁን ያሸተተው።

የብሎክ ኮሚቴ (ሰሚት)

ወንድሜ፣ ሁለተኛ በርሜል ያስፈልጋል በሚለው አልተጣላንም። እሷ የጠየቀችው እንዴት ልበላቸው ብላ ነው። ነገ ልጇን ትታ የምትወጣው እሳቸው ጋ ነው፣ አንተ ጋ አይደለም።

ጋሪ ገፊው

እኔ ከሰብሳቢ ማኅበራት በአንዱ ውስጥ ነው የምሠራው። በኛ በኩል ያለውን ልንገራችሁ።

በርሜል ሞላ አልሞላ እኛን ብዙም አያስጨንቀንም። የሚያስጨንቀን ውሃው ነው። የደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ በአንድ እጅ ይነሳል። ወጥ የተደፋበት ግን ትከሻ ላይ ሲወጣ ጀርባችን ላይ ይፈሳል። ከዚያ ሽታ ጋር ነው ቀኑን ሙሉ የምንውለው፣ ታክሲም የምንሳፈረው። ስለዚህ ለሴትየዋ አንድ ነገር ብቻ ንገሪያቸው፦ መረቁን ያጥልሉት፣ ልጣጩን ለብቻው ማዳበሪያ ውስጥ ያድርጉት፣ አፉን በሲባጎ ይሰሩት። ማዳበሪያው በርሜል ውስጥ መግባት የለበትም። ጎኑ ይቁም፣ እኛ አንስተን እንሄዳለን። እንዲህ ካደረጉ በርሜላችሁ ራሱ ይበቃችኋል ብዬ አስባለሁ።

ዳይፐሩ ደግሞ ተጠቅልሎ፣ በራሱ ማጣበቂያ ተይዞ፣ በፌስታል ከታሰረ ችግር የለውም። ተዘርግቶ ሲጣል ነው ጉዱ።

እዚህ ከደረስኩ አይቀር፦ የተሰበረ ብርጭቆ በካርቶን ጠቅልሉና ለብቻው አስቀምጡልን። ምላጭም እንደዚያው። ቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ የኢንሱሊን መርፌውን ክዳን ያለው ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ክተቱና ክዳኑን አጥብቁት። "ጓንት አላችሁ አይደል" ትሉናላችሁ። ጓንት መርፌ አያቆምም።

ጠያቂዋ (ጀሞ)

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። የመርፌውን አስቤውም አላውቅ። አንድ ጥያቄ፦ የሳቸው ሲበዛ ልጆቹ ተጨማሪ ብር ይጠይቁ ይሆን? ያንን ማን ይከፍላል?

ጋሪ ገፊው

የቆሻሻ ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር ነው የምትከፍሉት። ቢሉን አውጥተሽ እዪው። ለንግድ የሚታሰበው ከመኖሪያ ቤት ይበልጣል፣ እሳቸው ፈቃድ አውጥተው ቤት ሲከራዩ ያኔ ይመለከታቸዋል። በር ላይ የሚከፈል ግዴታ የለባችሁም። ለበዓል ጉርሻ ብትሰጡን ግን አንጠላም።

አንዲት እናት (ገርጂ)

ሁላችሁም "እትዬ ይጥላሉ፣ እትዬ ይሞላሉ" ትላላችሁ። እስቲ ልጠይቅ፣ እትዬ ራሳቸው ናቸው ፌስታል ይዘው የሚወርዱት? በየቤቱ ቆሻሻ የምታወጣው ሠራተኛዋ ናት፣ ወይ ልጅ ተልኮ ነው። አምስቱ እማወራ ተሰብስበው ቢስማሙ፣ በርሜሉን የምትከፍተው ልጅ ካልሰማች ምን ዋጋ አለው? እኛ ጋ ስምምነቱ የያዘው ሠራተኞቹም ተጠርተው ማዳበሪያው የቱ እንደሆነ፣ ፌስታሉ የት እንደሚገባ በርሜሉ ሥር ቆመን ስናሳያቸው ነው። አንዷ ልጅ ያኔ የነገረችን ነገር አለ። ክዳኑ ስለሚከብዳት ነበር ውጭ የምትተወው። ለካ ክዳኑ እጀታው ተሰብሮ ኖሯል። ሽቦ አሰርንለት፣ አለቀ።

እባካችሁ ደግሞ ነገሩን እነሱ ላይ አትደፍድፉት። "ሠራተኛዋ ናት" ማለት ቀላል ነው።

ከሽቱትጋርት

እኔ ጀርመን ነኝ፣ እዚህም ጎረቤት በቆሻሻ ይጣላል። እንዳይመስላችሁ። የምግብ ትርፍራፊ የሚጣልበት በርሜል ለብቻ ነው። አንድ ሰው ፕላስቲክ ከጨመረበት ሰብሳቢዎቹ ሳይገለብጡት ትተውት ሊሄዱ ይችላሉ። ያኔ ሕንጻው ሙሉ ይቀጣል። እሁድ ቀን ጠርሙስ ወደ ገንዳው መወርወርም ክልክል ነው፣ ድምፁ ሰው ይረብሻል ተብሎ።

ግን አንድ ነገር ወድጄላቸዋለሁ። በዚህ አካባቢ ደረጃና ደጅ ማጽዳት በሳምንት ተራ ነው። ተረኛው ቤት በር ላይ ትንሽ ሰሌዳ ይንጠለጠላል። ሳምንቱ ሲያልቅ ሰሌዳዋን አውርደህ ጎረቤትህ በር ላይ ታንጠለጥላለህ። ማንም ማንንም አይጠራም፣ አይቆጣም። እናንተም በርሜሉን የሚያጥበው ማን ነው? እስካሁን ማንም አላነሳውም። የበርሜል ሽታ ግማሹ ከታች የተጣበቀው ነው።

ጠያቂዋ (ጀሞ)

እውነት ነው፣ ከተገዛ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አልታጠበም!

አስተማሪው

ስለ መለየት የተነሳው ነገር ምክር ብቻ አይደለም። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የቤተሰብ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚወገደው እንዲለይ አዝዞ ነበር። ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው፣ በየቤቱ ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ሃይላንዱን፣ ጀሪካኑን፣ ቆርቆሮውን ለቆራሌው ስጡ። እሱ ምናለሽ ተራ ወስዶ ይሸጠዋል፣ እናንተም በርሜሉ ውስጥ ቦታ ታተርፋላችሁ። ሃይላንድ ሳይጨፈለቅ ሲጣል የሚይዘው አየር ነው።

የቀረው የሚሄደው ረጲ ነው። መጋቢት 2009 ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ያለቀበት፣ ቆሼ የምንለው ቦታ። እዚያው አጠገብ በ2010 የተመረቀ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ አለ። እርጥብ ቆሻሻ ደግሞ በደንብ አይነድም። ጋሪ ገፊው "ውሃው" ያለው እስከዚያ ድረስ ይሄዳል።

የጠላ ቤት ልጅ

እናቴ ጠላ ትጠምቃለች። አተላውን በርሜል ውስጥ ደፍተን አናውቅም። ላም የሚያረባ ሰው ጀሪካን ይዞ መጥቶ ይወስዳል። የእትዬ የድንች ልጣጭና የጎመን ቅጠልም ለከብት ይሆናል። አካባቢያችሁ በግ ወይ ላም ያለው ሰው ጠይቁ፣ ደስ እያለው ነው የሚወስደው። ዘይትና ቅመም የነካው ግን አይሆንም።

ፊት ለፊት ተናጋሪው

ከኮንዶሚኒየም ወደ ከብት እርባታ ገባን እንግዲህ።

የጠላ ቤት ልጅ

ሳቅ፣ ግን የኛ በርሜል አይሸትም።

ግቢ ተከራይ (ኮተቤ)

ኮሪደር ያላችሁ ታድላችኋል። እኛ አከራይ ግቢ ውስጥ ስድስት ተከራይ ነን። በርሜሉ የአከራይዋ ነው፣ "የኔን በርሜል አታጣቡ" ይላሉ። የውሃ ቢሉን ግን ከነቆሻሻው እኛ ነን የምናዋጣው። ምን ትላላችሁ?

የብሎክ ኮሚቴ (ሰሚት)

ቢሉን ተጋርታችሁ የምትከፍሉ ከሆነ አገልግሎቱ የናንተም ነው። በርሜሉ ግን ዕቃቸው ነው፣ እሱ ላይ አትከራከሯቸው። ስድስታችሁ ሁለት ሁለት ማዳበሪያ ግዙና ሰብሳቢዎቹ ሲመጡ በር ላይ አስረክቡ። በርሜል የግድ አይደለም።

ጠያቂዋ (ጀሞ)

አናገርኳቸው! አመሻሽ ላይ ሄጄ ልክ እንደተባልኩት ጀመርኩ። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ "ልጄ፣ እኔ እኮ ታች ከወረድኩ ስንት ጊዜዬ፣ አላየሁትም" አሉኝ። የገርጂዋ እናት ያለችው ነው የሆነው። አብረን ወርደን ስናየው ደነገጡ። "ይሄን ሁሉ ጊዜ ችላችሁኝ ነው?" ብለው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። ለልጣጩ ማዳበሪያ ከነገ ጀምሮ አዘጋጃለሁ አሉ፣ በርሜሉን ለማጠብም የመጀመሪያውን ተራ ወሰዱ። ሰሌዳ ግን አንሰቅልም፣ በሩ አምስት ብቻ ነው፣ በየቅዳሜው ከተገለበጠ በኋላ በቅደም ተከተል ሊሆን ነው።

ያልተፈታው ሁለተኛው በርሜል ነው። እሳቸው "እኔ እገዛለሁ" ይላሉ፣ ወረቀት እንለጥፍ ያለችው ጎረቤቴ ደግሞ "ደረጃው ሥር ሌላ በርሜል አይቀመጥም፣ የልጄ ጋሪ አይወጣም" አለች። እሷም እውነቷን ነው። ለጊዜው በማዳበሪያው እንሞክረው ብለናል።

አሁን ያሳሰበኝ በዓሉ ነው። ፋሲካ ደርሷል። አምና ላባውም፣ ፈርሱም፣ ቆዳውም እዚያው በርሜል ውስጥ ነበር። ቆዳ የሚገዙት ልጆችም እንደ ድሮው አይዞሩም።

አንዲት እናት (ገርጂ)

በጉን ኮሪደር ላይ አትረዱ። የጋራ መገልገያው ቤት የተሠራው ለዚህ ነው፣ ዕቃ ማስቀመጫ ካላደረጋችሁት። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ከአሁኑ ጠይቁ፣ በበዓል ዋዜማ ቁልፍ ያዢው አይገኝም። ላባውን ከፈላው ውሃ ስታወጡት በወንፊት አጥልሉት። እርጥቡ ላባ ነው በማግስቱ የሚገማው።

ጋሪ ገፊው

ፈርስ በርሜል ውስጥ አታስገቡ፣ በእግዚአብሔር! ድርብ ማዳበሪያ ውስጥ አድርጋችሁ ለብቻው እሰሩት። ቆዳውን የሚወስድ ካላገኛችሁ ጨው ነስንሳችሁ፣ አጣጥፋችሁ፣ እሱንም ለብቻ። ጨው ያልነካው ቆዳ በነጋታው አይቀረብም።

ሌላው፣ የፋሲካ ዕለት እኛም ቤታችን ነን። ሰኞም አንመጣም። ማክሰኞ ጠዋት ነው የምንደርሰው፣ ያን ቀን ደግሞ ቆሻሻው ስለሚበዛ ሁለት ዙር ነው፣ ልናረፍድ እንችላለን። ቅዳሜ ስንመጣ ያለውን ቆሻሻ ሁሉ አውጥታችሁ ጠብቁን፣ የከረመ ነገር አታስቀሩ። ሰኞ ማታ ደግሞ ማዳበሪያዎቹን ውሻ በማይደርስበት ቦታ አቆዩልን።

ጠያቂዋ (ጀሞ)

እሺ፣ ለሁሉም ቤት ዛሬ ማታ እነግራለሁ። ቁልፉ እትዬ ጋ ነው ለካ።